አሰልጣኝ የቡድንን ባህል እንዴት ይቀርፃል? ለጠየቃችሁኝ መልስ

የአሰልጣኝ ባህርይ የአንድን ቡድን ባህል እንዴት እንደሚለውጥ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ እንግሊዝ ክለቦች ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ባህል ባህል ይባላል፤ ከታክቲክ በምን ይለያል?

መልስ፦ ታክቲክ ማን የት ይቁም፣ ኳስ ስንነጠቅ ማን ይሩጥ የሚለው ነው። ባህል ደግሞ አሰልጣኙ ዞር ሲል ተጫዋቾቹ የሚያደርጉት ነው። ለልምምድ የዘገየውን ማን ይቆጣዋል? ሲሸነፉ ጣት ይጠቋቆማሉ ወይስ ይነጋገራሉ? አዲስ ፈራሚ መልበሻ ክፍል በገባ በሳምንቱ ይህን ያውቀዋል። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም፤ አይቶ ነው የሚማረው።

ጥያቄ፦ ፈርጉሰን ስታምን፣ ቤካምን፣ ሮይ ኪንን ሁሉ ሸኘ። ይሄ ጭካኔ አይደለም?

መልስ፦ የማንቸስተር ዩናይትድ (ማንቼ) አሰልጣኝ የነበረው ፈርጉሰን ኃይለኛ ሰው ነበር፤ ግን እንዲሁ በንዴት የሚወስን አልነበረም። ያፕ ስታም በ2001 የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ ብዙም ሳይቆይ ለላዚዮ ተሸጠ። በ2003 ማንቼ በኤፍኤ ካፕ በአርሴናል ሲሸነፍ፣ ፈርጉሰን መልበሻ ክፍል ውስጥ በእግሩ የመታው ጫማ ቤካምን ቅንድቡ ላይ አቆሰለው። ቤካም በዚያው ክረምት ሪያል ማድሪድ ገባ። አምበሉ ኪን በ2005 ለክለቡ ቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ የቡድን ጓደኞቹን ክፉኛ ተቸ። ቃለ ምልልሱ ሳይተላለፍ ቀረ፤ እሱም ከክለቡ ወጣ።

አሁን የማንቼውን አጥቂ ካንቶናን አስታውሱ። በጃንዋሪ 1995 ተመልካች በእርግጫ መትቶ ለስምንት ወር ያህል ታገደ። ፈርጉሰን ግን አላባረረውም። እንዲያውም ካንቶና ጥሎ ሊሄድ ሲል ፓሪስ ድረስ ሄዶ አግባብቶ መለሰው። በ1996 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑል ላይ ብቸኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ካንቶና ክለቡን አሳፍሯል፤ የአሰልጣኙን ሥልጣን ግን አልተጋፋም። ልምምድ ካለቀ በኋላም ለብቻው ሜዳ የሚቀር ሰው ነበር፤ ወጣቶቹ እሱን አይተው ነው መቅረት የጀመሩት። ፈርጉሰን ጥፋት ይቅር ይላል። መልበሻ ክፍሉን ሊቀማው የሚሞክርን ግን አይምርም። ይህ አያያዝ ዋጋም ያስከፍላል፤ ስታምን መሸጡ ስህተት እንደነበር ራሱ ፈርጉሰን በኋላ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። አርቴታ ኦባሜያንግን መልቀቁ ልክ ነበር ትላለህ?

መልስ፦ ልክ ነበር እላለሁ፤ ግን ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ኦባሜያንግ በ2020 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ቼልሲ ላይ ሁለቱንም ጎል ያገባ ሰው ነው። በዲሴምበር 2021 በዲሲፕሊን ጥሰት አምበልነቱን ተቀማ፤ ከዚያም ባርሴሎና ገባ። አርሴናል በዚያ ዓመት በቶተንሃም በሁለት ነጥብ ተበልጦ ቻምፒየንስ ሊግ አመለጠው። ጎል አግቢ ቢኖረው ኖሮ ያቺን ሁለት ነጥብ ማግኘት አይከብደውም ነበር።

ታዲያ ለምን ልክ ነው አልኩ? መልበሻ ክፍሉ በሳካና በማርቲኔሊ ዕድሜ ባሉ ልጆች የተሞላ ነበር። አምበሉ ሰዓት ሳያከብር ዝም ቢባል ልጆቹ የሚማሩት ያንን ነው። በቀጣዩ ዓመት ኦዴጋርድ አምበል ሆኖ በ84 ነጥብ ሁለተኛ ወጡ።

ጥያቄ፦ ክሎፕ የተሳካለት ተጫዋቾቹን ስለሚያቅፍ ነው?

መልስ፦ ማቀፉ በካሜራ የሚታየው ክፍል ነው። የሊቨርፑሉን ተከላካይ ማማዱ ሳኮን አስታውሱ። በ2016 ክረምት አሜሪካ ለዝግጅት በሄዱበት ሰዓት አላከብር ሲል የያኔው አሰልጣኝ ክሎፕ ወደ ቤቱ መለሰው፤ ከዚያ ወዲህ ለሊቨርፑል ዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ አላደረገም። ይህን ያዩ ተጫዋቾች እቅፉ ያለ ሥራ እንደማይገኝ ገብቷቸዋል።

ሰው ከሳቀባቸው ነገሮች አንዱን ልጨምር። በዲሴምበር 2015 ከዌስት ብሮም ጋር 2ለ2 ወጥተው፣ ተጫዋቾቹን እጅ ለእጅ አያይዞ ደጋፊው ፊት አቆማቸው። «በአቻ ውጤት ይጨፍራሉ» ተባለ። እሱ ግን ያሰበው ስለ ደጋፊው ነው፤ ቡድኑ ወደ ኋላ ሲቀር ደጋፊው ስታዲየሙን ጥሎ የመውጣት ልማድ ነበረው። በ2019 ባርሴሎናን 4ለ0 ያሸነፉበትን የአንፊልድ ምሽት ያየ ሰው ያ ሥራ ከንቱ እንዳልነበር ያውቃል።

ጥያቄ፦ ሞሪንሆ ለምን ሦስተኛው ዓመት ላይ ይበላሽበታል?

መልስ፦ «ሁሉም በእኛ ላይ ተነስቷል» በሚል ስሜት ቡድን ያስተሳስራል። በእሱ ሥር ኢንተር በ2010 ሦስት ዋንጫ ሲያነሳ ይህ ሠርቷል። ነገር ግን ውጭ ያለው ጠላት ሲያልቅ ቁጣው ወደ ውስጥ ይዞራል። ቼልሲም በእሱ ሥር በ2015 ሻምፒዮን ሆነ፤ በኦገስት ሞሪንሆ ከቡድኑ ሐኪም ጋር ተጣላ፤ በዲሴምበር ክለቡ 16ኛ ሆኖ እሱ ተሰናበተ።

ጥያቄ፦ አንቼሎቲ ግን አይጮኽም፣ አይቀጣም...

መልስ፦ አምስት ቻምፒየንስ ሊግ ወስዷል፤ ማንም አሰልጣኝ ይህን አላደረገም። የእሱ መንገድ የሚሠራው በሪያል ማድሪድ እንደነበሩት ሞድሪችና ክሮስ ያሉ ራሳቸውን የሚገዙ ትልልቅ ተጫዋቾች ባሉበት ነው።

ጥያቄ፦ አሰልጣኙ ሲሄድ ባህሉም አብሮ ይሄዳል?

መልስ፦ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ፈርጉሰን በ2013 ሲወጣ ተተኪው ሞየስ የቆዩትን ረዳቶች በራሱ ሰዎች ተካ፤ በኤፕሪል 2014 ተሰናበተ፤ ቡድኑ ሰባተኛ ሆነ። ክሎፕ በ2024 ከሊቨርፑል ሲወጣ ተተኪው አርነ ስሎት ያገኘውን ቡድን ብዙም ሳይነካ፣ ሜዳ ላይ ያየነው አዲስ ፈራሚ ኪየዛ ብቻ ሆኖ፣ በ2025 ሊጉን አሸነፈ። ማንቼ ቤት ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ የቆመ ነበር። ሊቨርፑል ውስጥ ግን እንደ ቫን ዳይክና ሳላህ ያሉ ተጫዋቾች ባህሉን ይዘውት ቆይተዋል።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ?

መልስ፦ ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃው ብሔራዊ ቡድናችን ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2013 ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ስንጫወት ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፣ በረኛችን በቀይ ወጣ፣ ጎልም ገባብን። ልጆቹ ግን ኳሱን መሬት ላይ አድርገው መጫወታቸውን አልተዉም፤ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። እንዲህ ያለ መተማመን በአንድ ሳምንት አይገነባም። ክለቦቻችን ጥቂት ጨዋታ በተሸነፉ ቁጥር አሰልጣኝ ሲቀይሩ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሰፈር ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ከማን ልጀምር?

መልስ፦ የፈርጉሰንን ጩኸት ተወው፤ ልጆች ላይ አይሠራም። ሦስት የማትደራደርባቸውን ነገሮች ምረጥ፤ አንዱ ሰዓት ይሁን። ከዚያ በጣም የምትፈልገው አጥቂህ የዘገየ ቀን፣ ጨዋታው ወሳኝ ቢሆንም፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጠው። ለምን እንደሆነም ለብቻው፣ በለሰለሰ ድምፅ ንገረው።