ልጅን ቤት አስተምሮ ዓመቱን መመዘን፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ልጄን የ3ኛ ክፍልን ትምህርት እቤታችን ነው ያስተማርኳት። ሰኔ ላይ ልመዝናት አስቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ፈተና ከማውጣትዎ በፊት ደብተሮቿን ይሰብስቡ። ከእያንዳንዱ ትምህርት ሦስት ሥራ ይምረጡ፤ አንዱን ከጥቅምት፣ አንዱን ከጥር፣ አንዱን ከግንቦት። ጥሩ ጥሩውን ብቻ አይልቀሙ። በየወረቀቱ ጥግ ቀኑንና «ብቻዋን» ወይም «በእገዛ» የሚል ይጻፉ። ብዙ ወላጅ ቀኑን ይጽፍና ይህን ይዘለዋል፤ ያኔ ማህደሩ የሚያሳየው የልጅቷን ሳይሆን የእናቷን ችሎታ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ልጄ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ይወጣዋል። ንባቡን በምን ልለካ?

መልስ፦ በቃል የወጣ ሁሉ አያነብም። ተራውን አፍርሰው 40 ያህል ፊደላት ቀላቅለው ይጻፉለት፤ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ አይቅሩ። ተራው ሲጠፋበት ከ«ሀ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ የሚደርስ ከሆነ ገና ዜማውን ነው የያዘው።

ቀጥሎ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ለ1 ደቂቃ ያንብብ። አንድ ቃል ላይ ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆመ ቃሉን ነግረው ያሳልፉት፤ ስህተት ሆኖ ይቆጠር። 52 ቃል ደርሶ 7 ቢስት ውጤቱ 45 ነው። ይህን ቁጥር ከእንግሊዝኛ ንባብ መመዘኛ ጋር አያወዳድሩ፤ የአማርኛ ቃል ብዙ ምዕላድ (ትርጉም ያለው ትንሽ የቃል ክፍል) ስለሚሸከም በደቂቃ የሚነበበው ያንሳል። ከጥቅምቱ የራሱ ውጤት ጋር ያስተያዩት። በመጨረሻ አምስት ጥያቄ ይጠይቁት፤ ሦስቱ መልሳቸው ጽሑፉ ላይ ያለ፣ ሁለቱ «ለምን ይመስልሃል?» የሚሉ። ፈጥኖ አንብቦ እነዚህን የማይመልስ ልጅ ብዙ ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ሒሳብ ስንት ጥያቄ ይበቃል?

መልስ፦ 20። ለየርዕሱ በወሰደው ጊዜ ልክ ያከፋፍሉ፤ ከ36 ሳምንት 9ኙ በክፍልፋይ ካለፈ 5 ጥያቄ ይድረሰው። ምርጫ አያብዙ፤ ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ በግምትም ሩቡ ይመታል። ስሌቱን ወረቀቱ ላይ ያሳይ።

እርማት ላይ ኤክስ ብቻ አድርገው አይለፉ። 304 − 178 = 274 ያለ ልጅ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፣ የራሱን ሕግ ነው የተከተለው፦ በየቤቱ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ቀንሷል። ትክክለኛው 126 ነው፤ ያልገባው ከዜሮ ላይ መበደር ነው። ½ + ⅓ን ⅖ ያለም ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሯል። በማግስቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይስጡ፤ ያው ስህተት ከተደገመ ትምህርቱ ይከለስ፣ ካልተደገመ ጥድፊያ ነበር።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ፋሲል ግቢ ወስጄ ባስጎበኘው ለኅብረተሰብ ትምህርት ምዘና ይሆናል?

መልስ፦ ጉብኝቱ ማስተማር ነው። ምዘና የሚሆነው ሲመለስ ብቻውን የሚሠራው ነው፤ ለምሳሌ የግቢውን ንድፍ ከአቅጣጫ ጋር መሳል። ወይም «ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1979 ነው፤ በእኛ ስንት ነው?» ይበሉት። መልሱ 1972 ነው። ወሩን ሳያይ 8 ቀንሶ 1971 ካለ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ልዩነቱ 7 ዓመት መሆኑን ገና አልያዘም።

ጥያቄ፦ በዚህ ውጤት ትምህርት ቤት ይቀበሉታል?

መልስ፦ ቤት የተሞላ ውጤት ካርድ አይተካም። ክረምቱን ሳይጠብቁ የሚያስገቡበት ትምህርት ቤት ሄደው የመመደቢያ ፈተና ይሰጡ እንደሆነና የትኛውን ሰነድ እንደሚፈልጉ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ፤ የመጨረሻውን ካርድና የልደት ምስክር ወረቀት ይያዙ። 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ከሆነ ክልላዊ ፈተና ስላለ ጉዳዩ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ምዝገባው በትምህርት ቤት በኩል ከፈተናው ቀድሞ ስለሚያልቅ ሰኔ ላይ መሮጥ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ራሴ ብፈትነውስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ሌላ አስተማሪ ቢሆን ይሻላል። ወላጅ ሳያውቀው በድምፁ መልሱን ይጠቁማል። ሌላ ሰው ካልተገኘ ጥያቄውን ጽፈው ይስጡትና ራቅ ብለው ይቀመጡ። በቀን አንድ ትምህርት፣ ጠዋት፣ ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ።