ከአፕዴት በኋላ የጠፋ የሲንክቲንግ ሴቲንግ

ሲንክቲንግን (ፋይሎችን በተለያዩ ዲቫይሶች መካከል የሚያመሳስለውን ፕሮግራም) አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ፎልደሮቹም ዲቫይሶቹም ከዝርዝሩ ጠፉብኝ ላልከው፣ አዲስ ፎልደር መጨመር ገና አትጀምር። የድሮው ሴቲንግ እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ሊኖር ይችላል።

1. ሲንክቲንግን ራሱን ዝጋ። ብራውዘሩን መዝጋት አይበቃም፣ ፕሮግራሙ ከጀርባ ይሠራል።

2. ዊንዶውስ ከሆነ አፕዳታ፣ ከዚያ ሎካል ውስጥ የሲንክቲንግን ፎልደር ፈልግ። መጀመሪያ እንዳለ ፍላሽ ላይ ገልብጠው።

3. «ኮንፊግ» ከሚለው ፋይል ጎን፣ ስሙ በ«ቪ» እና በቁጥር የሚያልቅ ካገኘህ የድሮው ቅጂ እሱ ነው። የአሁኑን «ኮንፊግ» ሌላ ስም ስጠውና፣ የድሮውን የአሁኑ ይዞት በነበረው ስም ሰይመህ በቦታው አስገባ፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ክፈት።

«ሰርት» እና «ኪይ» የሚሉትን ሁለት ፋይሎች ግን እንዳትነካ። የዲቫይስህ መለያ የተያዘው በእነሱ ነው። እኔ አንዴ ሰርዣቸው ሌሎቹ ማሽኖች እንደ እንግዳ ቆጠሩኝ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ እንደገና አገናኘሁ።