ከዛፍ ሥር ያለው ጫካ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ረግጠነው ስለምናልፈው የጫካ ወለል ናቸው። ነፍሴ የምትወደው ርእስ ስለሆነ ቅድሚያ ሰጥቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ፀሐይ መሬት አይደርስም። ታዲያ ከሥር ያሉት ቅጠላ ቅጠሎች እንዴት ይኖራሉ?

መልስ፦ ትንሽም ቢሆን ይደርሳቸዋል። ዛፎቹ አናት ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ወለሉ ጋ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ 1 ወይም 2 በመቶው ነው። ስለዚህ ቅጠላቸውን ሰፋና ሳሳ አድርገው የተገኘውን ይቀልባሉ። ዋናው ስንቃቸው ግን የብርሃን ፍንጣቂ ነው፤ ንፋስ ቅርንጫፍ ሲያወዛውዝ በቀዳዳው ሾልኮ ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች ቅጠል ላይ የሚያርፈው። በአንዳንድ ጫካ ከቀኑ ብርሃናቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ሲበዛ ደግሞ ይጎዳቸዋል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከግዙፎቹ የሬድዉድ ዛፎች ሥር ኦክሳሊስ የሚባል ተክል ይበቅላል፤ ቅጠሉ ሦስት ክፍል አለው። ኃይለኛ ፀሐይ ሲያርፍበት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም እንደ ጃንጥላ ቁልቁል አጥፎ ይሰበስባቸዋል። ጥላው ሲመለስ ቀስ ብሎ ይዘረጋቸዋል።

ጥያቄ፦ ነጭ በነጭ የሆነ፣ አበባው ወደ መሬት ያቀረቀረ ነገር አየሁ። እንጉዳይ ነው?

መልስ፦ ገለጻዎ ሞኖትሮፓ ከሚባለው ጋር ይገጥማል፤ እሱ ደግሞ አበባ የሚያብብ ተክል ነው። አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግቡን ራሱ አይሠራም። ከዛፍ ሥር ጋር ከተቆራኘ ፈንገስ ይቀበላል፤ ፈንገሱ ከዛፉ።

ጥያቄ፦ የጫካ ወለል ዕፅዋት ከዛፎቹ አንጻር ኢምንት ናቸው። ለጫካው ምን ይፈይዳሉ?

መልስ፦ በክብደት ከሆነ እውነትዎን ነው። አራቱ ወቅቶች በሚፈራረቁባቸው አካባቢዎች ከመሬት በላይ ካለው የጫካ ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። በዝርያ ሲቆጠር ግን ከጫካው ዕፅዋት ከ10 ስምንቱ ገደማ የሚገኙት እዚያ ዝቅ ብለው ነው። ቅጠላቸውም ቶሎ ስለሚበሰብስ አፈሩን ፈጥኖ ይመግባል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሙለርና ቦርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ዛፎቹ ሳያቆጠቁጡ ስለምትበቅል አንዲት ትንሽ ተክል ጽፈው ነበር፤ በረዶ ሲቀልጥ በውሃ ሊታጠብ የሚችለውን ናይትሮጅንና ፖታሺየም ትይዛለች፣ ስትጠወልግ ለአፈሩ ትመልሳለች።

ጥያቄ፦ ጉንዳን ዘር ተሸክሞ ሲሄድ አየሁ። የተመነጠረ ቦታ ላይ ዛፍ ሲተከል ቅጠላ ቅጠሉም በዚህ መንገድ ይመለሳል?

መልስ፦ ይመለሳል፤ ግን በጉንዳን እርምጃ ነው። እንዲህ ያለ ዘር ጫፉ ላይ ቅባት ያላት ለስላሳ ቁራጭ አለችው። ጉንዳኑ እሷን ለእጮቹ ይመግብና ዘሩን ከጥራጊው ጋር ይጥለዋል፤ ጥራጊው ደግሞ ለመብቀል የተመቸ ነው። ችግሩ ርቀቱ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። በዚያ ላይ እንደ ትሪሊየም ያሉት የጫካ ወለል ዕፅዋት ከዘር እስከ መጀመሪያ አበባ 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በሮማውያን ዘመን ታርሶ የተተወ መሬት ላይ የበቀለ ጫካ አለ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶም የወለሉ ዕፅዋት ካልታረሰው ቦታ ይለያሉ። ስለዚህ የሚተክሉ ከሆነ ከቆየ ጫካ አጠገብ ይጀምሩ። ከዚያ ጫካ ግን እባክዎ ነቅለው አይውሰዱ፤ ዘር ከበዛበት ቦታ ጥቂት ይልቀሙ።