ጥያቄና መልስ፦ ይሄ አትክልት የማን ዘመድ ነው?

ክረምቱ ወጣ፣ ጓሮው ሞላ። ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነዋል፦ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ይበላል?» አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ናቸው። እዚያ የቤት ኪራዩም ትንሽ ቀለል ይላል፣ ግቢውም መደብ የሚወጣለት አፈር አያጣም። ዘሩ ደግሞ ከዚህም ከዚያም ይመጣል፤ አንዱ ከውጭ ይልካል፣ ሌላው ከጎረቤት ይቀበላል።

የእኔ ዘዴ የአገራችን የድሮ ዘዴ ነው። እንግዳ ሰው ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» እንለው የለ? አትክልቱንም እንደዚያው ነው የምጠይቀው።

ከለገጣፎ፦ «ጎመን ነው ተብሎ የተሰጠኝን ችግኝ ተከልኩ። ቅጠሉ ጎመን ነው፤ ግንዱ ግን ከመሬት በላይ እንደ ኳስ አበጠ። ልጆቼ ‹ሳተላይት› ብለውታል። ባለቤቴ በሽታ ነው፣ ንቀዪው ይላል።»

እንዳትነቅዪው! ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ጎመንን የሚያሳብጥ በሽታ አለ። እሱ ግን የሚያሳብጠው ከመሬት በታች ያለውን ሥር ነው፤ ተክሉም ይጠወልጋል። ያንቺው ቅጠሉ ለምለም ከሆነ፣ እብጠቱም ከአፈር በላይ ከሆነ፣ ኮልራቢ ነው። ስሙ ጀርመንኛ ነው። «ኮል» ማለት ጎመን ነው፤ «ራቢ» ደግሞ ሥሩ ለሚበላ ተክል ከሚሰጥ ስም የመጣ ነው። የጥቅል ጎመን፣ የአበባ ጎመንና የብሮኮሊ የሥጋ ዘመድ ነው። እንደውም አራቱም አንድ ዝርያ ናቸው። ገበሬ በብዙ ዘመን ሲመርጥ፣ በአንዱ ቅጠሉን አሳደገ፣ በአንዱ አበባውን፣ በዚህኛው ግንዱን።

ጣዕሙን ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነን እናታችን ጥቅል ጎመን ስትከትፍ፣ መሃሉን ያንን ነጩን ጠንካራ ነገር የምንሻማው ትዝ ይልሻል? እሱ ነው። ትንሽ ጣፈጥ ይላል እንጂ።

ብርቱካን ሲያክል ቁረጪው። «ይደግ» ብለሽ ከተውሽው እንጨት ይሆናል። ልጣጩን አትሳሺለት፤ በተለይ ከታች በኩል ገመድ ስለሚኖረው ወፈር አድርገሽ ላጪው።

እኔ መጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት በበርበሬ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ተንተከተከ፤ ቤቱ የበሰበሰ ጎመን ሸተተ፤ ጎረቤቴ በር አንኳኩታ «ደህና ናችሁ?» አለች። ጎመንና ዘመዶቹ ብዙ ሲበስሉ የድኝ ሽታ ያመጣሉ። ስለዚህ አልጫ አድርጊው። ሽንኩርቱን በዘይት አለስልሺ፤ አይቅላ። ነጭ ሽንኩርትና እርድ ጨምሪ። ካሮቱ ይቅደም፣ ከዚያ ኮልራቢውን በጣት ቅርጽ ከትፈሽ አስገቢ። ጠብታ ውሃ፣ ክዳን፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ቃሪያው በመጨረሻ። ለልጆቹ ደግሞ ጥሬውን ስስ አድርገሽ በሎሚና በጨው ስጫቸው፤ «ሳተላይት» በልተው ይደሩ። ለጋ ቅጠሉን አትጣዪ፣ እንደማንኛውም ጎመን ይሠራል።

ከሰበታ፦ «ከዓምናው ዝኩኒ ዘር አስቀርቼ ዘራሁ። የወጣው ዱባም ዝኩኒም አይመስልም። ቀመስኩት፤ እሬት ነው! ብቀቅለው ምሬቱ ይለቃል?»

አይለቅም። ጣይው፣ ለከብትም አትስጪው። ዘመድ መጠየቅ የማይበቃበት ጊዜ ይሄ ነው። ዝኩኒና አንዳንድ የዱባ ዓይነቶች በንብ አማካይነት ይዳቀላሉ፤ ዲቃላው አንዳንዴ ከዱር ዘመዶቹ የወረሰውን መራራ ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። እሳት አያጠፋውም፤ ብትበዪው ሆድ ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል። በዱባ ወገን የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ ድስት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ቆርሶ በምላስ ጫፍ መንካት፤ መራራ ከሆነ መትፋት። ለሚቀጥለው የታሸገ ዘር ግዢ።

ከቡራዩ፦ «የተከራየሁት ግቢ ውስጥ ግንዱ ቀይ የሆነ፣ ቅጠሉ ሰፊ ቆስጣ የሚመስል ነገር አገኘሁ። ልብላው?»

ቆይ፣ ወንድሜ። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ግንደ ቀይ ቆስጣ። ሁለተኛ፣ ቀይ ሥር፤ አፈሩን ጫር አድርገህ ክቡን ካገኘኸው እሱ ነው። ሁለቱም ይበላሉ። ቆስጣና ቀይ ሥር አንድ ዝርያ ናቸው፤ የቀይ ሥር ቅጠል መጣላችን ሁሌ ይቆጨኛል፣ ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ጠበስ ቢደረግ ግሩም ነው።

ሦስተኛው ግን ሩባርብ ነው። የእሱ ግንድ በጣም ጎምዛዛ ስለሆነ ከስኳር ጋር ተቀቅሎ ይበላል። ቅጠሉ ግን መርዝ አለው፤ ጭራሽ አይበላም። ከአንድ ጉቶ ዓመት በዓመት የሚያቆጠቁጥ፣ ግንዱ ወፍራምና ሸንተረር ያለው ከሆነ ጠርጥር። ቅጠሉን ይዘህ በአካባቢህ ላለው የግብርና ባለሙያ አሳይ። እስከዚያ ቅምሻም አያስፈልግም።

ከገላን፦ «ቪዲዮው ላይ ቀይ ሥር በ30 ደቂቃ ይበስላል ይላሉ። የእኔ አንድ ሰዓት አልፎትም ድንጋይ ነው። ዘሩ ይሆን?»

ዘሩ ምን አደረገ! ከፍታው ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ናቸው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። እሳቱን ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ክዳኑን አትክፈቺ፣ ወይም በፕሬዠር ቀቅዪው። ቀለሙ እንዳይፈስ ሳትልጪ፣ ከግንዱ ሁለት ጣት ያህል አስቀርተሽ ነው የሚቀቀለው።

ከአያት፦ «አማቴ ከነቀምት አንድ ማዳበሪያ አንጮቴ ላኩልኝ። እኔ ጎንደር ነው ያደግሁት፤ እንደ ድንች ልጬ ወጥ ልሥራው?»

አደራ፣ እንደ ድንች አታድርጊው! የሚበላው ሥሩ ድንች ይመስላል እንጂ ዘመዱ ዱባ ነው። ሐረጉን ብታዪው ወዲያው ይገባሽ ነበር። ሳይላጥ በደንብ ታጥቦ ይቀቀላል፤ ሹካ ሲቀበል ይወጣና በትኩሱ ይላጣል። ከዚያ ተቆራርጦ ወይም ተደቁሶ፣ ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ ይገባበታል። አጠገቡ አይብ ካለ ሌላ ነገር አልጠይቅም። ወለጋ ውስጥ በመስቀል የሚቀርብ ምግብ ነው። ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰውም ይሰጣል። ካልሲየም እንዳለው የታወቀ ነው፤ ስብራቱን ግን ሐኪም ይየው።

አንድ ምክር ልጨምር። በእኔ ጽሑፍ ብቻ እንዳትሠሪው። ለአማትሽ ደውዪና «እንዴት ላድርገው?» በያቸው። ማዳበሪያ ሙሉ የላኩት ስልኩን እየጠበቁ ይመስለኛል።

ከሱሉልታ፦ «ሽፈራው ሦስት ጊዜ ተከልኩ፣ ሦስቴም ደረቀብኝ። ውሃ አነሰው?»

ብርድ በዛበት። ሽፈራው፣ ሞሪንጋ የሚባለው ዛፍ፣ የኮንሶና የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፣ ቆላ ነው የሚወደው። የሱሉልታን የኅዳር ውርጭ አይችለውም። በእሱ ቦታ ቆስጣ ትከዪ፤ ሽፈራውን ደርቆ ከሚመጣው ግዢ።