በሐምሌ የመጣ ገና

ደብረ ብርሃን ላይ ጊታር ታቅፋችሁ የምትመጡ ልጆች ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ለግጥሜ ዜማ ልሠራ ነው፤ በየትኛው ኮርድ ልጀምር?» እኔም መልሴ አንድ ነው። ጊታሩን አስቀምጡት። ቅር ሲላችሁ አያለሁ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ ለአንድ ግጥም ዜማ ሠራሁ። «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላል፣ ጊዜ አለን ለማለት። እኔ ዜማው እንዲያምርልኝ ብዬ «ና»ን ረገጥ አድርጌ ያዝኩት። ላልቶ መባል የነበረበት ጠበቀ። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ ከኋላ አንድ አባት «እንኳን አደረሰህ ልጄ!» አሉኝ። ወሩ ሐምሌ ነው። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። የሚያሳየው ዜማው ነው፤ የሚያበላሸውም እሱ ነው። ስለዚህ ግጥሙን ለሰው እንደምታወሩት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ሃያ ጊዜም ቢሆን። የሚጠብቀው ፊደል ጊዜ ይፈልጋል፤ ከፊቱ ያለውን ድምፅ ቶሎ ዝጉለት። ረጅሙን ኖታ ራብዕ ላይ ጣሉት። «ና»፣ «ላ»፣ «ማ» አፍ ያስከፍታሉ። «ፍቅር» ብላችሁ መጨረሻው ላይ ልንጠልጠል ብትሉ ግን የሚተርፋችሁ «ር» ብቻ ነው። ግጥሙ የወል ቤት በሚባለው ልክ የተጻፈ ከሆነ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፣ መሃሉ ላይ ማረፊያ አለው። እዚያ ጋ እናንተ ተንፍሱ፣ ጊታሩ ይናገር።

ኮርድ ከዚህ በኋላ ይምጣ። እሱም ቢሆን በልክ። አንቺ ሆዬ በተባለው ቅኝት ላይ ከመጽሐፍ የለመድነውን ኮርድ ስንደረድርበት ቅኝቱ ይጠፋል። እኔ ስድስተኛውን ክር ከ«ሚ» ወደ «ሬ» አወርደዋለሁ። እሱን ባዶውን እየመታሁ፣ በላዩ ዜማውን አንድ ሁለት ድምፅ አስከትላለሁ። በገና ደርዳሪ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል፤ በገናው ከሰውዬው ድምፅ በላይ አይጮህም። እንግሊዛዊው ጆን ዳውላንድም በፈረንጆቹ 1597 ለድምፅና ሉት ለሚባለው የጊታር ዘመድ የሠራቸውን ዜማዎች ሲያሳትም መሣሪያው ያው ለስላሳ ነበር። (ማይክ ካልተሰጠኝ አልዘፍንም ለምትሉት ነው ይህን ያነሳሁት።)

ስለ መድረክ ብዙ የምለው የለኝም። ብርዱን ብቻ አትናቁት። ኅዳርና ታኅሣሥ በውርጩ ጣት ይደነዝዛል፤ እስክትጠሩ እጃችሁን ጋቢ ውስጥ ክተቱ። ከዚህ ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ጋቢው ወልቆ ላብ መጥረግ ይጀመራል። የናይለን ክርም እንደኛው ነው፣ ሙቀቱን እስኪለምድ ቅኝቱ አይረጋም። እንደደረሳችሁ አትቃኙ። ጊታሩን ከቦርሳው አውጡት፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ ቃኙ። አዘጋጁ መጥቶ «ሰው እየጠበቀ እኮ ነው» ካላችሁ «ገና ነው» በሉት።

አላልታችሁ።