ለእናትሽ ፋይዳ፦ መጀመሪያ ኮዱ በማን ስልክ እንደሚገባ አረጋግጪ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የለጠፍሽውን የእናትሽን ፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያቸውን ፎቶ፣ አሁኑኑ አጥፊው። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሲም ቢጠፋ ይቀየራል፣ የባንክ ካርድ ቢጠፋ ሌላ ይወጣል። ይሄ ቁጥር ግን የዕድሜ ልክ ነው። ለምን እንደፈለገው ለማታውቂው ሰው አይሰጥም። ለዕለት ተዕለት ጉዳይ በምትኩ እንዲያገለግል የተዘጋጀ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር አለ፣ እሱን ስጪ።

ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። እናትሽ ደብረ ሲና ናቸው፣ ስልክ የላቸውም። ሲመዘገቡ መዝጋቢው የማያውቁትን ሰው ቁጥር አስገባ። አሁን ባንኩ ፋይዳዎን ያያይዙ ብሏቸዋል። የጽሑፍ ቤቱ ልጅ ደግሞ «ኮዱን ብቻ ንገሩኝ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። መረጃቸው ለአደጋ ይጋለጣል ወይ ብለሻል። አዎ፣ ይጋለጣል። የኛም ቤት ጉዳይ ልክ እንዲሁ ነበር፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ሌላውን ሁሉ ተይና ስልኩን አስተካክሉ። አባቴ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው የሚኖረው፣ ገበሬ ነው። ሊመዘገብ ሲሄድ ስልክ የለኝም አለ። ስልክ ቁጥር የግድ አይደለም፣ ከሌለ ባዶ መተው ይቻላል። መዝጋቢው ግን ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ከወረፋው አንድ ጎረምሳ ጠርቶ የሱን ቁጥር ሞላበት። አባቴ ምን ያውቃል፣ አሻራውን ሰጥቶ፣ መርቆ ወጣ። ልጁ ብዙም ሳይቆይ አገር ለቆ ሄደ። ሲሙ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ይሄ ለምን ከባድ እንደሆነ ላስረዳሽ። ባንክ ፋይዳ ሲያያይዝ ለተመዘገበው ስልክ የማረጋገጫ ኮድ ይላካል። ያንን ኮድ የተናገረ ሰው «መረጃዬን ውሰዱ፣ ፈቅጃለሁ» ብሏል ማለት ነው። ስም፣ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ሁሉም በዚያ ፈቃድ ይተላለፋል። ኮድ ለሰው መስጠት ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ እንደመስጠት ነው። የአባቴ ፈቃድ የማናውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ገብቶ ከረመ። በግ ሸጦ ያስቀመጣትን ብር ሊያወጣ ሲሄድ ደግሞ «ኮዱን አምጡ» ተባለ። ከየት ያምጣው?

ለማስተካከል ከደብረ ብርሃን ወጥቼ እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። የመዘገበው ጣቢያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ፣ ሲስተም የለም። በኋላ ሌላ ጣቢያ ወሰድኩት። እዚያ ያገኘናት ልጅ እግዜር ይስጣት፣ በትዕግሥት አስተናገደችን። የአባቴ ጣቶች በድንጋይ ካብና በሞፈር አልቀዋል፣ ማሽኑ አንዱንም አላነብ አለ። ጣቱን በነጠላው እየጠረገ ደጋግሞ ሞከረ። ሰዎች እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጠው የሚመለሱት። ፋይዳ ሲመዘገብ ግን አሥር ጣት ብቻ ሳይሆን የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ፎቶም ይወሰዳል። «በዓይኑ ሞክሪው» አልኳት፣ ወዲያው ያዘ። የእናትሽ እጅም በሥራ ያለቀ ከሆነ «አሻራዎ አይሠራም» ብለው እንዳይመልሷቸው፣ በዓይን ይታይልን በያቸው።

አንድ ሲም በራሳቸው ስም አውጪላቸው። ውድ ስልክ አያስፈልግም፣ ተራ በተን ያለው ይበቃል። ያንቺን ቁጥር ማስገባቱ የሚቀል ይመስላል፣ ግን ነገ ሥራ ፍለጋ ሌላ አገር ብትሄጂ እሳቸው እንደገና ኮድ ጠባቂ ይሆናሉ። መዝጋቢው ከመጨረሱ በፊት ስክሪኑን ወደ እናንተ አዙሮ ያሳያችሁ። ስም፣ ስልክና የትውልድ ቀን አንድ በአንድ ተነቦ ይረጋገጥ። በተለይ የትውልድ ዘመኑን እይ። በኛ አቆጣጠር የተነገረውን በፈረንጅ አቆጣጠር ቦታ ሞልተው ሰውን በሰባት በስምንት ዓመት የሚያስረጁ አሉ።

2. ጽሑፍ ቤቱን በተመለከተ፦ ማሳተም ካለባችሁ አጠገቡ ቆማችሁ አሳትሙ። ኮዱን ግን እናንተው አስገቡ። እኔ አንድ ጽሑፍ ቤት ገብቼ ያየሁት አይረሳኝም። ኮምፒውተሩ ላይ የሰው መታወቂያ በስም በስም ተደርድሯል። የማንም ሰው ፎቶ፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን። ፍላሽ ይዞ የገባ ሁሉ ገልብጦ መውጣት ይችላል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ማጥፋት እንዳለበት የነገረው የለም። ታትሞ ሲያልቅ ፋይሉን ከፊታችሁ ያጥፋ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርግ። በቴሌግራም ልካችሁለት ከሆነ መልእክቱን ለሁለታችሁም አጥፉት።

3. ወረቀት ላይ የሚለጠፈውንም ተከታተይ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንድ መሥሪያ ቤት ማዳበሪያ የሚወስዱ ገበሬዎችን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ስም ከነአያት፣ ስልክ፣ አጠገቡ ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር። የአባቴም አለበት። አላፊ አግዳሚው በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ገብቼ ይነሳ አልኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መታወቂያ ምን ምስጢር አለው? የምትደብቀው ነገር አለ እንዴ?» አለኝ።

አልተጣላሁም። ቤቴ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተደንግጓል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤትንም ይመለከታል። የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይውላል ይላል። ባለቤቱ የተሳሳተ መረጃው እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህንን ዘርዝሬ፣ ግልባጭ ለባለሥልጣኑ ብዬ፣ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ቀሪው ላይ ማህተም አስመታሁ። ያ «ምን ምስጢር አለው» ያለኝ ሰው ማህተሙን ሲያይ ድምፁ ተቀየረ። ዝርዝሩ ተነሳ፣ በኋላ ስም ብቻ ያለበት ተለጠፈ። የሰፈሩ ገበሬ ሁሉ የተጠቀመበት ነውና በዚህ እኮራለሁ። አንቺም በቃል አትከራከሪ፣ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቀሪ ያዢ።

ከታች «ፋይዳ መሰለያ ነው፣ አትመዝገቡ» ያላችሁ ወንድሞች፣ አልስማማም። ምዝገባው ነፃ ነው። ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ተጽፎ ስንት ሰው እንደተሳቀቀ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ነው። አሻራህንና ዓይንህን ተረክቦ፣ አዋጁን ግን አንድ ቀን ከፍቶ ያላየው። የሚያሠለጥነው አካል መጠየቅ አለበት። ዓይን እንደ ሲም አይቀየርም።

እናትሽን ስትወስጃቸው የቀድሞ መታወቂያቸውንና ምዝገባው ላይ የተሰጣቸውን ወረቀት ያዢ። ጠዋት በጊዜ ድረሱ፣ ከሰዓት ኔትወርኩ ይደክማል። ደብረ ብርሃን ከመጣችሁ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እኛን በደንብ ያስተናገደችንን ጣቢያ አሳይሻለሁ። የደብዳቤውንም ቅጂ እሰጥሻለሁ፣ ስሙንና ቀኑን ቀይረሽ ትጠቀሚበታለሽ።