«ዜን ዜን» ለምትይው እህቴ

የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ስትጽፊ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ «ዜን» (then፣ «ከዚያ») ብሎ እየጀመረ አስቸግሮሻል፤ በምን ልተካው ነው ጥያቄሽ። አብሽሪ፣ ዜን ሰው አይገድልም። እኔን የጎዳኝ ከሱ ስሸሽ የገባሁበት ነው።

1. አፍተር ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም፣ «አፍተር ላንች» (ከምሳ በኋላ) እንደምንለው ተከታይ ይፈልጋል። ብቻውን «ከዚያ በኋላ» የሚሆነው አፍተርዋርድስ ነው። ይሄን ታውቂዋለሽ።

2. ትልልቅ ቃል አያምርሽ። ሰብሲኩዌንትሊ «ቀጥሎ» ነው። ኮንሲኩዌንትሊ ደግሞ «በዚህ ምክንያት»። እኔ መንታ ይመስሉኝ ነበር። ኮምቦልቻ አንድ መሥሪያ ቤት ስቶር ኪፐር ሲፈልግ አመለከትኩ። «በአንድ ድርጅት ሁለት ዓመት ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ኮንሲኩዌንትሊ ድርጅቱ ተዘጋ» ብዬ ጽፌልሽ! ቀጥሎ ተዘጋ ማለቴ ነው እኮ። ለቃለ መጠይቁ በጠዋት ከደሴ ተነሳሁ። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገድ አያሳይም፤ በብርድ ተቆራምጄ ደረስኩ። ሰውየው ደብዳቤዬን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበውና «እና አንተ ነህ የዘጋኸው?» አለኝ። ጎኑ የተቀመጠችው አፏን በወረቀት ሸፍና ሳቀች። ቁጭ በል እንኳን አላሉኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሺ። ግን «ወንድሜ፣ ይሄ ቃል ሌላ ነው» ማለት ስንት ብር ያስወጣል? ለምን እንደሳቁብኝ የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ነው። እራት አልበላሁም፣ ወላሂ።

3. «ከሁለት ሳምንት በኋላ» የምትለዋም ታሳስታለች። ካሁን ተነስተሽ ከቆጠርሽ «ኢን ቱ ዊክስ» ነው፤ ያለፈ ታሪክ ስትተርኪ «ቱ ዊክስ ሌተር»። በአማርኛ ሁለቱም አንድ ስለሆኑ ነው የምንሳሳተው። ዜን የሚበዛብንም እኮ ለዚሁ ነው። «ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ተቀጠርኩ» ስንል ቅደም ተከተሉን ግሱ ራሱ ይዞታል። እንግሊዝኛ ላይ ባዶ ሲመስለን በየመሀሉ ዜን እንሰካለን። እኔ ሁለተኛውን ደብዳቤ ስጽፍ ግማሹን ዜን አውጥቼ ዓመተ ምህረት ተካሁበት፣ ከዚህ እስከዚህ እዚህ ሠራሁ እያልኩ። አንድ ቦታ ብቻ «አፍተር ዛት» አለ። በሱ ተቀጠርኩ! አሁን የሠፈር ልጅ ሁሉ ማመልከቻውን ይዞ እኔ ጋ ነው የሚመጣው።

ረቂቁን ላኪልኝና ማታ አየዋለሁ። ኮንሲኩዌንትሊ ካለበት ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ።